ቢላው ግድግዳ ላይ፣ ሠሪው ደጅ ላይ

ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው "ትወደኛለች ወይስ ታስመስላለች?" ዓይነት ነው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። የተላከው ከሐረር ነው፤ አራት ገጽ ጥቅጥቅ ብሎ ተጽፏል። ሦስቱ ገጽ ስለ ጩቤና ስለ ቢላ ብቻ ነው። ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ እጀታው፣ ሰገባው… አንድ የቀረ ነገር የለም። ፍቅር የመጣው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። ጣጣውም እዚያው ነው።

ስምና ሠፈር አልጠቅስም፤ የዓምዱ ደንብ ነው። ልጁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከጁገል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል፣ በራሱ አባባል "ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የምቅም" ልጅ ነው። ሱሱ ሌላ ነው። ሱሱ በእጅ የተሠራ ቢላ መሰብሰብ ነው! እስካሁን አሥራ አንድ አለው።

ነገሩ የተጀመረው በአጎቱ ልጅ ነው። የአጎቱ ልጅ ዶሃ ውስጥ በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከኔፓሎች ጋር አንድ ክፍል ይኖር ነበር። አንደኛው ኔፓላዊ ከእረፍት ሲመለስ ከአገሩ አንድ ቢላ ይዞለት መጣ፤ "የጓደኝነታችን ማስታወሻ" ብሎ። የአጎቱ ልጅ ሐረር ሲገባ ደግሞ ለጸሐፊያችን ሰጠው። ቢላው ኩክሪ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ዓይኑ ቢላ ላይ ቀረ። የአፋር ጊሌ ገዛ፤ ከጅጅጋ የሱማሌ በላዋ አስመጣ፤ ጩቤውን፣ ካራውን፣ ሰንጢውን ለቃቀመ። እናቱም አልተቃወሙም። እንዲያውም ሳሎን ግድግዳ ላይ በቀይ ጨርቅ አስደግፈው የሰቀሉለት እሳቸው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ "የልጄ ቅርስ" እያሉ ያሳያሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የኩክሪው እጀታ ተሰነጠቀ። ልጁ ከሸዋ በር ውጭ ብረት ወደሚቀጠቀጥበት ሠፈር ወሰደው። እዚያ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ተቀበሉት። ቢላውን አገላበጡ፤ በጥፍራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያም እንዲህ አሉት፦ "ይሄ የመኪና ባሌስትራ ነው። የኔም ባሌስትራ ነው። ሰውየው ግን እጁ ጥሩ ነው።" ልጁ ሳቀ። ሻይ ይዛ የመጣችው ልጃቸውም ሳቀች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው!

አሁን ሊያገባት ይፈልጋል። እናቱ ምን አሉ? "ቢላውን ስቀል፤ ማን ከለከለህ? የቀጥቃጭ ደም ግን ቤቴ አይገባም። ቡዳ ናቸው።" ልጁ ለመነ፤ ዘመድ አስለመነ። በመጨረሻ እናት አንድ "መፍትሔ" አመጡ። "እሺ፣ ሽማግሌ ይሂድ። ግን ለዘመድ አዝማድ ሲነገር አባቷ የብየዳ ሠራተኛ ናቸው ይባልልኝ።" ልጁ ለልጅቱ ነገራት። የመለሰችለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "አንተ የፈለግከውን ወስን፤ እኔ ግን ለአባቴ ሁለተኛ ስም አላወጣለትም።"

ደብዳቤው በሁለት ጥያቄ ያልቃል። አንደኛ፣ "ካሉኝ ቢላዎች የቱ ይበልጣል?" ሁለተኛ፣ "ብየዳ ይባል ወይስ አይባል?" እስቲ በተራ እንሂድ። መጀመሪያ ቢላው ይቅደም፤ ሁለተኛው መልስ ያለው የመጀመሪያው ውስጥ ነውና።

ኩክሪ፣ ጊሌ፣ በላዋ

ኩክሪ የኔፓል ሰው ከገበሬ እስከ ወታደር የሚይዘው ቢላ ነው። ስለቱ ቀጥ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። ጀርባው ወፍራም፣ ጫፉ ከባድ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ሲወርድ እንደ ትንሽ መጥረቢያ ይቆርጣል። እንጨት ይፈልጡበታል፣ ቁጥቋጦ ይመነጥሩበታል፣ ዳሻይን በሚባለው በዓላቸው ፍየል ያርዱበታል። እጀታው አጠገብ ስለቱ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለው። ስለ ምልክቱ የሚወራው ብዙ ነው፤ አንዱ የላም ኮቴ ነው ይላል፣ ሌላው ደም ወደ እጅ እንዳይወርድ ነው ይላል። ሰገባው ውስጥ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት፤ አንዷ ካርዳ የምትባል ትንሽ ቢላ፣ ሌላዋ ቻክማክ የምትባል ስለት የሌላት መሳያና የእሳት ድንጋይ መምቻ።

ዝናውን ዓለም ላይ ያወጡት ጉርካ የሚባሉት ወታደሮች ናቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1816 ከኔፓል ጋር ተዋጉ፤ የጉርካዎቹን ጀግንነት አይተው በጦርነቱ መሃል፣ በ1815፣ ለራሳቸው ጦር ይመለምሏቸው ጀመር። "ኩክሪ ከሰገባው ከወጣ ደም ሳይቀምስ አይመለስም" የሚባለው ግን ተረት ነው። ቢሆንማ ኖሮ ሽንኩርት የሚከትፍበት ገበሬ ሁሉ በየቀኑ ጣቱን ሊወጋ ነው!

ጊሌ ደግሞ ሌላ ነው። የአፋር ሰው ሆዱ ላይ በአግድም የሚታጠቀው፣ ቆልመም ያለ፣ ሁለት አፍ ያለው ረጅም ጩቤ ነው። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የጀርባ አጥንት የመሰለ መስመር አለው፤ ይሄ መስመር ብረቱ ሳይከብድ እንዳይታጠፍ ያጠነክረዋል። ጊሌ የወንድነት ማዕረግ ነው፤ እንጨት አይፈለጥበትም። የሱማሌ በላዋም ሁለት አፍ አለው። ስለቱ እንደ ቅጠል መሃሉ ሰፋ ብሎ ጫፉ ይሾላል፤ እጀታው ብዙ ጊዜ ከቀንድ ይሠራና ጫፉ ላይ ሦስት ጉጥ ያወጣል።

"የቱ ይበልጣል?" ላልከኝ መልሴ ይሄ ነው፦ የትኛውም አይበልጥም። ኩክሪን ሆድህ ላይ ታጥቀህ አትጓዝበትም፤ ይከብድሃል። በጊሌ እንጨት አትፈልጥም፤ ስለቱ ይሸረፋል። ለሥጋ ደግሞ ሁለቱንም አስቀምጠህ አዛውንቱ የሠሩልህን የወጥ ቤት ቢላ ታነሳለህ። ቢላ የሚወዳደረው ከተሠራለት ሥራ ጋር ነው እንጂ ከሌላ ቢላ ጋር አይደለም። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ግን አልቸኩል!

በዓይን አይታለል

እናንተም መሰብሰብ የጀመራችሁ ወጣቶች ካላችሁ ይቺን ያዙ። ጥሩ የእጅ ሥራ ቢላ በጌጡ አይታወቅም።

አንደኛ፣ ብረቱ። የግንባታ ፌሮና ላሜራ ካርቦናቸው ትንሽ ስለሆነ በእሳት ቢግሉ፣ በውሃ ቢነከሩ አይጠነክሩም። ባሌስትራ ግን ካርቦኑ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ነው ኔፓልም ሐረርም ቀጥቃጩ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚፈልገው። ለማወቅ ደህና ሞረድ ያዙና ስለቱ ላይ በቀስታ ሞክሩት። ሞረዱ እየነከሰ ብረቱን ከፋቀው ለስላሳ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

ሁለተኛ፣ ድምፁ። እጀታውን በሁለት ጣት ለቀቅ አድርጋችሁ ያዙና ስለቱን በጥፍር ምቱት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ወይም እጀታው ላልቷል። አዛውንቱ ጆሯቸውን ያስጠጉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የእሳቱ ሥራ። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ማግኔት የማይስበው ደረጃ እስኪደርስ ይግላል፤ ይህ ወደ ሰባት መቶ ሰባ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በዘይት ወይም በውሃ በድንገት ይቀዘቅዛል። እንዲህ ብቻ ቢተው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ወደ ሁለት መቶ ዲግሪና ከዚያ ትንሽ በላይ ሞቅ ይደረጋል፤ ብረቱ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም ሲያወጣ ይበቃዋል። የኔፓል ቀጥቃጮች ደግሞ የጋለውን ኩክሪ ይይዙና በማንቆርቆሪያ ውሃ ስለቱ ላይ ብቻ ያንቆረቁሩበታል። ስለቱ ይጠነክራል፤ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስለቱ ይቆርጣል፣ ጀርባው ዱላውን ይችላል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ያለ ቴርሞሜትር፣ በዓይን ብቻ ነው። ቀለሟን አንድ ደቂቃ ያሳለፈ ቀጥቃጭ የቀኑን ልፋት ከሰል አበላው ማለት ነው።

አራተኛ፣ "አንቲክ ነው፣ የመቶ ዓመት ነው" የሚላችሁን ተጠንቀቁ። ትናንት የተሠራ ቢላ በጨውና በኮምጣጤ በሦስት ቀን ይዝጋል። የእውነት ያረጀ ቢላ የሚያረጀው እጅ የያዘው ቦታ ላይ ነው፤ እጀታው ይሟልጣል፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት ይቀጥናል። ዝገቱ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ፣ አቦ፣ እዚያው ተወው! የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውንም አትግዙ፤ የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ አገሮች የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የምር አሮጌ የሆነውን ደግሞ ወደ ውጭ ለመላክ አትሞክሩ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

አምስተኛ፣ አያያዙ። ቢላን ለረጅም ጊዜ በቆዳ ሰገባ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረት ይዝጋል። ለይታችሁ አስቀምጡ። የሚሰቀለውን የስፌት መኪና ዘይት ቀባ አድርጉት፤ መኪና ግርግር ሄዳችሁ ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱን ብትጠይቁ ጠብታ አይነፍጋችሁም። ምግብ የሚነካውን ግን በምግብ ዘይት ብቻ። መንገድ ስትወጡም ቢላችሁን ጠቅልላችሁ ከሻንጣ ሥር አድርጉ፤ ፍተሻ ላይ ሳትጠየቁ በፊት ተናገሩ። ወገብ ላይ የተሻጠ ቢላ "ቅርስ ነው" ቢባል የሚሰማ የለም።

ስድስተኛውና ዋናው… እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቀጥቃጩና ጅቡ

አሁን ወደ እናትህ ቃል እንምጣ። "ቡዳ"።

ይህን ቃል ሐረር በግንቧ ላይ ሳይቀር ተሸክማዋለች። አሚር ኑር በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ጥንታዊ በሮች አንዱን ሐረሪው ባድሮ በሪ ይለዋል፤ በአማርኛ ግን "ቡዳ በር" ነው። በየቀኑ ሰው ገበያ ውሎ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ማንም ሲታመም አላየንም!

በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ "በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል" ይባላል። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤሎች ይህ ስም ተለጥፎባቸው ኖሯል። ምሥራቁም ነፃ አይደለም። ቀጥቃጩን ኦሮሞው ቱምቱ፣ ሱማሌው ቱማል ይለዋል፤ ከቱማል ጋር መጋባት በሱማሌም ዘንድ ሲያስነውር ኖሯል። ነገሩ የሃይማኖት እንዳልሆነ ከዚህ እዩት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀጥቃጩን እኩል ሰድቦታል።

የሚገርመኝ ደግሞ ሐረር ላይ መሆኑ ነው። ጅብን በስሙ ጠርታ፣ በእጇ ሥጋ የምታጎርስ ከተማ የት አለች? ግንቡ ላይ ሳይቀር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል። ጅቡ በየመንገዱ ያለውን ጂን ይበላልናል ብለው የሚያምኑ አሉ። በዓሹራ ገንፎ ይሠራለታል። እንግዲህ ጅቡ ራሱ ወዳጅ ከሆነ፣ "ጅብ ይሆናል" የተባለው ሰው በምን ዕዳው ጠላት ይሆናል?

የጥላቻው ምንጭ ሌላ ይመስለኛል። በድሮው ሥርዓት መሬት ያለው ሰው ሰው ነበር። ርስት የተነፈገው ደግሞ እጁን ርስት አደረገ፤ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማኔ ሆነ። ያለ እሱ ማረሻ የለም፣ ማጭድ የለም፣ ጦር የለም። በጣም የምትፈልገውን ሰው በርካሽ ማሠራት ስትሻ ምን ታደርጋለህ? ትሰድበዋለህ። ሲሰደብ ዋጋ አይጨምርም፤ ልጅህንም አይጠይቅህም። አፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ሳሎን ውስጥ አለ።

ግድግዳህ ላይ ያለው ኩክሪስ? እሱንም የሠራው እንዲሁ የተሰደበ ሰው ነው። በኔፓል ብረት የሚቀጠቅጡት ካሚ የሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 የወጣው የኔፓል ሕግ ከእጃቸው ውሃ የማይጠጣ፣ የማይነኩ ብሎ በጽሑፍ ዝቅ አደረጋቸው። ያንን በ1963 በወጣው ሕግ ሻሩት፤ በ2011 ደግሞ አድልዎውን ወንጀል አደረጉት። ብዙዎቹ ዛሬ ራሳቸውን በእደ ጥበብ አምላካቸው ስም ቢሽዋካርማ ብለው ይጠራሉ። ልብ ግን ከወረቀት ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ሩኩም በሚባለው ወረዳ ከዚሁ ወገን የሆነ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት "ከፍ ካለው" ወገን የሆነች ፍቅረኛውን ሊያመጣ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። የመንደሩ ሰዎች አሳደዷቸው። እሱና አምስት ጓደኞቹ ሞተው ተገኙ።

ኩክሪውን ዓለም ሁሉ ያደንቀዋል። ጄኔራል በስጦታ ይቀበለዋል። የሠራው ሰው ልጅ ግን ስለወደደ ተገደለ። ወንድሜ፣ አንተ ቤት ያለው ነገር ከዚህ የሚለየው በመጠኑ ነው እንጂ በዓይነቱ አይደለም።

ብየዳ ይባል?

አይባልም!

ምክንያቴን ልንገርህ። መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ያስቃል። ብየዳም እሳትና ብረት ነው፤ ቅጥቀጣም እሳትና ብረት ነው። ልዩነቱ አንደኛው የመብራት ቆጣሪ አለው። እናትህ ቡዳን የሚፈሩ ከሆነ ቡዳ በመብራት ኃይል አይድንም። ስለዚህ የፈሩት ቡዳን አይደለም፤ የሰው ወሬን ነው። ይህ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው። እምነትን መለወጥ ከባድ ነው፤ ወሬን መልመድ ግን ሁላችንም እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ውሸቱን የምትሸከመው እሷ ናት። ሠርጉ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ። በየቦታው "አባትሽ ብየዳቸውን የት ነው የሚሠሩት?" ትባላለች። አባቷ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር እጃቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ልትደብቅ ነው? ልጅ ሲወለድስ አያቱን ማን ብሎ ይጥራ? እሷ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራሃለች። ያን ዓረፍተ ነገር የተናገረች ሴት ሚስት ብትሆንህ ታድለሃል፤ እንዳታጣት።

ሦስተኛ፣ አሁን ቅድም ያቆየሁትን ስድስተኛ ነጥብ ላምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ አሥራ አንዱም ቢላ ጽፈሃል። ይሄ የአፋር፣ ይሄ የሱማሌ፣ ይሄ የኔፓል፣ ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ እጀታው ቀንድ… የአንዱንም ሠሪ ስም አልጻፍክም። ስለ ዘጠነኛው ያልከው "አንድ የሐረር ቀጥቃጭ የሠራው" ብቻ ነው። ይህ ቀጥቃጭ አማትህ ሊሆኑ ነው እኮ! እናትህ ስማቸውን ሊለውጡ ፈለጉ፤ አንተ ደግሞ ጭራሽ ረሳኸው። አትቀየመኝ፤ መድኃኒቱ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው።

ሰብሳቢ ማለት ዕቃ የሚያከማች ማለት አይደለም። ዕቃውን ማን ሠራው፣ የት፣ መቼ፣ ከምን፣ በስንት ተገዛ ብሎ የሚጽፍ ነው። ጁገል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ሄደህ እየው። አንድ የከተማው ልጅ ከየቤቱ እየለቃቀመ በግሉ ሰብስቦ ነው ለሕዝብ ክፍት ያደረገው። የሐረርን ግንብ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ድንጋዩን ብቻ አልነበረም ያየው፤ በውስጡ የሚኖረውን ሰው እጅም ነው። ስለዚህ በየቢላው ሥር ትንሽ ካርድ ለጥፍ። ከዘጠነኛው ጀምር። የአዛውንቱን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጻፍ፤ "ቀጥቃጭ" ብለህ ሙያቸውን ጨምርበት። ከዚያ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ እናትህ እንግዳ የሚያስተናግዱበት ቦታ ላይ ስቀለው። ሳትጨቃጨቅ፣ ድምፅህን ከፍ ሳታደርግ።

ሽማግሌ ሲላክ

ሕጉ ካንተ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ነው ይላል። ሁለታችሁም ከበቂ በላይ አድጋችኋል። ግን ሕግ ይዘህ እናትህ ላይ አትቁም። ጠልፎ መሄድም፣ ተደብቆ መፈራረምም አልመክርህም፤ እንዲያ ካደረግክ "ቡዳዋ ልጄን ነጠቀችኝ" የሚለውን አንተው ታረጋግጥላቸዋለህ።

ይልቅ ሽማግሌህን ምረጥ። ሀብታም አትፈልግ፤ አዛውንቱ ቤት ቡና የጠጣ ሰው ፈልግ። ሐረር ውስጥ ማረሻና መጥረቢያ ሲያሠራ ኖሮ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ የጠጣ፣ ልጆቹም በጤና ያደጉለት ሽማግሌ አይጠፋም። እናትህ ዘንድ እሱ ይቅደም። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ "ሠላሳ ዓመት ከእጃቸው በላሁ፤ ይኸው አለሁ።" ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ እናትህን ወደ ሥራ ቦታው ውሰዳቸው። ሠርግ ሳይነሳ፣ የሚሳል ቢላ ይዘው ይሂዱ። ወናፉ ሲነፋ፣ ብረቱ ሲቀላ፣ አዛውንቱ ቀለሙን ጠብቀው ሲያወጡ ይዩ። የሩቁ ሰው ነው ጅብ የሚመስለው፤ ቀረብ ሲሉት ላብ አለው፣ ሳል አለው፣ "ግቡ፣ ተቀመጡ" የሚል አፍ አለው።

ለእናት ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ እናቴ፣ ልጅዎን እንደሚወዱ አውቃለሁ። የፈሩትም ለእሱ ነው። ግን የሽንኩርት ቢላዎ ከማን እጅ መጣ? በዓል ላይ ዶሮውን የሚገነጥሉበት ከማን እጅ መጣ? ይህን ሁሉ ዘመን ቤትዎ የገባው የእሳቸው ብረት አንድም ሰው አልበላም። ነገ የልጅ ልጅዎ ቢያተኩሰው፣ አደራ፣ ዓይን ነው ብለው ቤት እንዳያስቀምጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ልጅን የሚገድለው ወባና የሳንባ ምች ነው፤ የአያቱ ሙያ አይደለም።

ለልጅቱም አንድ ቃል አለኝ። እህቴ፣ "ለአባቴ ሁለተኛ ስም አላወጣለትም" ያልሽው ልክ ነው። ግን ልጁ እስኪማር ትንሽ ጊዜ ስጪው። ካርዱን ከለጠፈ፣ ሽማግሌ ሲልክ ያባትሽን ሙያ በስሙ ካስጠራ፣ ሰው ነው። በመጨረሻ ሰዓት "ብየዳ" ብሎ ከተናገረ ግን ያን ቀን በሰላም ተሰናበቺው። ባል ይገኛል፤ ሌላ አባት አይገኝም።

እናንተስ አንባቢዎቼ ምን ትላላችሁ? የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ፣ የቆዳ ፋቂ ልጅ ወዳችሁ ወይም ሆናችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስማችሁ አይወጣም። ቤታችሁ ያለውን ቢላ ደግሞ ዛሬ ማታ አንሱና ማን ሠራው ብላችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ መልሱ ከጠፋባቸው ገበያ ወርዳችሁ ፈልጉት።

ቸር ያሰማን፤ ሳምንት እንገናኝ።